ሁለት ዓይን የሚፈልግ ፎቶ

ለወንድሜ ለባርናባስ፣

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህ ዳናይትስ ደህና ናት? ያ ደረቅ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኔም ልጄ ሳሊናም አለን። ሁላችንም ደህና ነን እንዳልልህ ውሸት ይሆንብኛል።

በሰው እጅ የላክኸው፣ ያለ መነጽር ፎቶህን አካል አስመስሎ የሚያሳየው ስክሪን ደርሶናል። እማዬ ፊቷ የቆምክ እንዲመስላት ብለህ ነበር። ሳሊና አፍንጫህን ልትይዝ እጇን ሰደደች። እማዬ ግን ጥሩ ፎቶ ነው ብቻ አለች።

መቼም አስተማሪነት አይለቅም፣ ማስረዳት ጀመርኩ። መስታወቱ ላይ እንደ እርሻ ትልም የተሰደሩ ቀጫጭን ሌንሶች አሉ፤ አንዱን ምስል ለቀኝ ዓይን፣ ትንሽ ከጎን የተነሳውን ደግሞ ለግራ ይልካሉ፤ ሁለቱን አጋጥሞ አካል የሚሰጠው አእምሯችን ነው አልኳት። አቀማመጧ ተዛንፎ ይሆናል ብዬ ወንበሯን ወዲህ ወዲያ ጎተትኩት፤ ያው ነው። በመጨረሻ ዓይኖቿን በየተራ በመዳፌ ሸፈንኩ። ቀኙን ስሸፍን፣ ኧረ እጅሽን አንሺ ልጄ፣ ጨለመብኝ አለችኝ።

ግራ ዓይኗ አያይም፣ ባርናባስ። መድኃኒት በማይገኝበት በጦርነቱ ዘመን ጀምሯት፣ ሰው ላለማስቸገር ሆድ ይፍጀው ብላ ቻለችው። በማግስቱ ዓይደር ሆስፒታል ወሰድኳት። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም፣ ቀኙንም ጀምሮታል፣ ጠብታው ቢያዘገየው ነው አሉን። አፈር ልብላ፣ አሥራ አንድ ዓመት ስለ ብርሃን ሳስተምር አንድ ጣሪያ ሥር ያለችውን እናቴን አላየኋትም። አንተም በየእሁዱ ደህና ነሽ ወይ ትላትና መልሱን ሳትጠብቅ ስለ ሥራህ ታወራለህ። ፈቃድ አላገኘሁም እያልክ ሰባት ፋሲካ አለፈ። ተናድጄብሃለሁ።

ስክሪኑን ግን አትለቀውም። ጠዋት ጠዋት ፊቱ ተቀምጣ አንገቷን ወደ ቀኝ ወደ ግራ ታወዛውዛለች፤ ለማያውቅ ሰው ለቅሶ የተቀመጠች ትመስላለች። ምን ሆነሽ ነው ብላት፣ ራሷን ስታዞር ከጎን ያለው ምስል በተራው እንደሚመጣላት ነገረችኝ። ጆሮውን አየሁት፣ አባቱን መስሏል አለች። እኔ ያላስተማርኳትን በራሷ አገኘችው። ወጥቼ አለቀስኩ።

እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር፤ መሐላዬን አፍርሼ ነው የምጽፍልህ። ለዳናይት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሳሊና ትስምሃለች። እማዬም፣ ደህና ናት በይው ብላኛለች።

ሌላ ፎቶ አትላክ። አንተ ራስህ ፊቷ ብትቆም ያ ቀኝ ዓይኗ ይበቃታል፤ እሱም እስካለ ድረስ ነው።

እኅትህ ዮሃና
መቐለ፣ ሓድነት
ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.