ጠላም መጠጥ ነው ለካ

ውድ አሲያ፣

የለቀቅሽውን ሱቅ ሞባይል ጠጋኝ ተከራይቶታል። የኮረሪማና የእርድ ሽታ ይወጣበት ከነበረው በር አሁን ቀኑን ሙሉ ዘፈን ይወጣል። ልጁ ባለጌ አይደለም፣ ጠዋት ጠዋት ሰላም ይለኛል። ግን አስር ሰዓት ሲሆን እግሬ ሳላዝዘው ይነሣና ደጃፉ ላይ ስደርስ አፍሬ እመለሳለሁ።

ስልክ ስደውል ወይ መስመሩ ይቆረጣል፣ ወይ አንቺ «ሰርኬ» ስትይኝ እኔ ማልቀስ እጀምራለሁ። ኮምቦልቻ ድረስ ልቅሶ ለመላክ ካርድ መጨረስ ምን ይባላል? ስለዚህ ሷሊህ የቀረ ዕቃሽን ሊጭን ሲመጣ ይህን ደብዳቤ በእጁ እሰጠዋለሁ። ልጅሽ እንደ አባቱ የሰው ነገር የማይነካ ስለሆነ መንገድ ላይ አይከፍተውም። አራሷን ልጅሽን መርዋንም እንኳን ማርያም ማረችሽ በይልኝ፤ የእናንተ አባባል ሌላ ከሆነ እሱንም ጨምሪበት።

የምጽፍልሽ ማኅበሩ እንዴት እንዳለፈ ልነግርሽ ነው። ከመሄድሽ በፊት ሁለታችንንም ያስጨነቀን እሱ ነበርና። ግን እዚያ ከመድረሴ በፊት፣ ጎን ለጎን ሱቅ ይዘን ስንኖር ያልነገርኩሽን ልናገር። አንቺ ያየሽው ከደጅ ነው፤ እኔ ውስጡ ነበርኩ።

ያኔ ከመወፈሬ የተነሣ በሱቄ በር በጎን ካልሆነ አልገባ ብዬ፣ ስኳሩና ጉልበቴ ተባብረው ሲጥሉኝ፣ ወንድሜ አዲስ አበባ ወስዶ ጨጓራዬን ያስቆረጠኝ ጊዜ፣ ሐኪሙ ብዙ መክሮኝ ነበር። ትንሽ ትንሽ ብዪ፣ በደንብ አላምጪ፣ ጣፋጭ ተዪ፣ አልኮል ክልክል ነው። «እሺ» አልኩ። ለእኔ አልኮል ማለት አረቄና ቢራ ነው። ጠላ ከመቼ ወዲህ አልኮል ሆኖ? ጠላ እኮ እህል ነው! ለዐራሹ ማሳ ድረስ ይወሰድለታል፣ ለአጫጁ ይወሰድለታል፣ ቄሱም ይጠጡታል። ሐኪሙ አልጠየቀኝ፣ እኔም አልጠየቅሁት።

ቀጥኜ ስመለስ ከተማው ደነቀው። ማኅበርተኛዬ ጌጤ መንገድ ላይ አግኝታኝ «ሰርካለም ልጃገረድ ሆና መጣች!» ብላ እልል አለች። ችግሩ የመጣው ሰው ቤት መግባት ስጀምር ነው። እኛ አገር ሰው ቤት ገብቶ አለመብላት ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ሁለት ጉርሻ ስጎርስ ደረቴ ላይ ቀጥ ይላል። የባለቤቲቱ ፊት ይጠቁራል። «ምነው ናቅሽን? በሞቴ! አፈር ስሆን!» ከዚያ ሁሉ ልመና የምወጣበት አንድ መንገድ ብቻ አገኘሁ፤ ጠላውን መቀበል። «ተዉአት እቴ፣ እህሉ እንቢ ካላት ጠላው ያቁማት» ይሉና ይሞሉልኛል። ማንንም ሳላስቀይም፣ ማንም ሳያስቀይመኝ፣ ደስ ብሎኝ እወጣለሁ።

ያታለለኝ ያ ደስታ ነው። ያቺ የተረፈችኝ ጨጓራ ምንም ይዛ አታቆይም፣ የገባላትን ወዲያው ወደ ራሴ ትልከዋለች። በአንድ ጣሳ ጋይንት በሙሉ ዘመዴ ይሆናል። ድሮ ሲከፋኝ እበላ ነበር። መብላቱን ሲወስዱብኝ ይኸኛው መጥቶ በቦታው ተቀመጠ፣ እኔም ወንበር አቀረብኩለት።

ከጠላ እስከ አረቄ መንገዱ ሩቅ አልነበረም። ንፋስ መውጫ የሚያውቀኝ ስለበዛ፣ ጨርቅ ይዤ አርብ ገበያ ስወርድ እገዛና በውኃ ፕላስቲክ ይዤ እመለሳለሁ። ፍሥሐ አስተምሮ ከትምህርት ቤት ሲመጣ ተኝቼ ያገኘኛል። ለጠየቀው ሁሉ «ቀዶ ጥገናው አድክሟታል» ይላል። እንዲህ ያለ የዋህ ባል የሰጠኝ አምላክ ምን ይባላል?

ያቺን ቀን አንቺም አትረሻትም። ፍሥሐ ከሱቄ ጓዳ፣ ከተጠቀለለው አቡጀዲ መሃል ፕላስቲኩን አውጥቶ፣ ከፍቶ አሽትቶ፣ ቀና ብሎ ሲያየኝ አንቺ በሩ ላይ ደረስሽ። ቀበል አድርገሽ «ውይ አቶ ፍሥሐ፣ እሱ እኮ የኔ ነው! ጉልበቴን የማሽበት ነው። እኔ አረቄ ቤት ገብቼ አልገዛው፣ ሰርኬን አስገዛኋት» አልሽ። እሱ አመነ፣ ወይም ማመን ፈለገ። ፕላስቲኩን ተቀብለሽ ሻርፕሽ ሥር ከተሽ ሄድሽ።

ወዲያው ተመልሰሽ መጣሽ። እኔ ላመሰግንሽ ተነሥቻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ፊትሽ በርበሬ መስሏል።

«ሰማሽ አንች? ዛሬ ዋሸሁልሽ። አላህ ይቅር ይበለኝ። ሁለተኛ ግን አልዋሽም። ወይ አንች ለባልሽ ትነግሪዋለሽ፣ ወይ እኔ እነግረዋለሁ።»

«ትንሽ ናት እኮ አሲያ» አልኩሽ።

«ትንሽ ከሆነች ለምን በአቡጀዲ ከፈንሻት?» አልሽኝ።

ለፍሥሐ በዚያው ሳምንት ነገርኩት። አልጮኸም። «የማላውቅ መስሎሽ ነው?» አለና አለቀሰ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን በኋላ ነው የሰማሁት። አረቄውን ከቤትሽ ጀርባ ስትደፊ የባልሽ ወንድም ሰዲቅ አይቶሽ ኖሮ፣ «አሲያ ቤት አረቄ ገባ» ተብሎ ስንት ጊዜ ስትታሚ ከረምሽ። አንቺ ነግረሽኝ አታውቂም፤ የነገረችኝ መርዋ ናት። ስጠይቅሽ «የሰው ወሬ ቅመም አይገዛ» ብለሽ ኮረሪማሽን መፈልፈል ቀጠልሽ። ያኔ ተነሥቼ እግርሽን መሳም ነበረብኝ። አሁን አመሰግንሻለሁ አሲያ። አንቺ ዘንድ ከሁሉ የሚከበረውን፣ ስምሽን፣ ለእኔ ብለሽ አስነክተሻል።

ጠበሉን ተጠምቄ ባሕር ዳር ሐኪም ዘንድ ስሄድም የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ፤ ፍሥሐ ተማሪዎቹን እየፈተነ ነበር። ዶክተሯን ታስታውሻታለሽ? ጨጓራቸው የተቆረጠ ሰዎችን መጠጥ ቶሎ እንደሚይዛቸው፣ ሱሱም እንደዚያው ብዙዎቹን እንደሚያገኛቸው አስረዳችኝ። «አንቺ ብቻ አይደለሽም» ስትለኝ ከላዬ ጭነት የወረደ መሰለኝ። እኔ እኮ እርግማን መስሎኝ ነበር። ልንወጣ ስንል አንቺ ከበሩ ተመለስሽ።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ጠላስ ይጨምራል ወይ? ይች ሴት ጠላ እህል ነው እያለች ታደርቀኛለች።»

ዶክተሯ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ጠላም መጠጥ ነው ለካ! አንድ ጠብታ ቀምሰሽ የማታውቂው አንቺ፣ ጠጪዋ የፈራሁትን ጠየቅሽልኝ። መኪና ውስጥ ተናድጄ «አንችስ ምን አለብሽ፣ ሃይማኖትሽ አስጥሎሻል፤ እኔን ምን ያስጥለኛል?» ስልሽ «እኔ አለሁ አይደል?» ብለሽ መስኮቱን ዘጋሽው። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ አልተናገርኩም። ያኮረፍኩ መስሎሽ ከነበረ፣ አላኮረፍኩም። እንባዬን ስውጥ ነበር።

አስር ሰዓት ነበረች የምትፈትነኝ። አስር ሲሆን ሱቄን ገርበብ አድርጌ ወደ አንቺ እመጣለሁ፣ ኮረሪማ አቅርበሽ ታስፈለፍይኛለሽ፣ ጌሾ የማይገባበትን የገብስ ቀሪቦሽን ትቀጂልኛለሽ። ብዪ አትይኝም። ከዚህ ከተማ ቤት ሁሉ ብዪ ያላለኝ ያንቺ ቤት ብቻ ነው። በጥምቀት ጠጥቼ ወድቄ፣ በማግስቱ ፊቴ አብጦ ስመጣ እንኳ «ዛሬ አረፈድሽ» ብለሽ ሰፌዱን ሰጠሽኝ። ስመላለስ ያዩ ሰዎች «ሰርካለም ልትሰልም ነው» ማለታቸውን ስነግርሽ ደግሞ እንባሽ እስኪመጣ ሳቅሽ። «አንች ልትሰልሚ? የኢፍጣሩን ሳህን ስታይ ነው የምትሸሽው!»

እንግዲህ ወደ ማኅበሩ ልግባ። ተራዬ የግንቦት ኪዳነ ምሕረት ላይ እንደወደቀ ታውቂያለሽ። ጽዋው ከእናቴ የወረስኩት ነው። ጠላ ከቤቴ ከሚጠመቅ ጽዋውን ልመልስ ብዬ ወስኜ ነበር። «የናትሽን አትመልሽ፤ በናንተ ሃይማኖት እኔ አልገባም፣ መጀመሪያ ቄሱን ጠይቂ» አልሽኝ። በሳምንቱ ዕቃሽ ተጭኖ ሄድሽ።

ቄስ ይበልጣልን ጠየቅኋቸው። «አባቴ፣ ጌሾ ቤቴ ውስጥ ከሸተተ እኔ እወድቃለሁ» አልኳቸው። «ልጄ፣ ዝክሩ የእመቤታችን ነው። ጌሾ የግድ ነው ያለሽ ማነው?» አሉኝ። ጽዋው በቀሪቦ ይሁን ብለው ፈቀዱ። ይህን የሰማች ጌጤ ግን እያለከለከች መጣች። «ምነው ሸዋ! ኪዳነ ምሕረትን በእስላም መጠጥ?» ይቅር በያት፤ ክፉው አፏ ነው። «በይ የሰዉን ጠላ እኔ በቤቴ ጠምቄ አመጣለሁ። ማኅበርተኛ ጉሮሮው ደርቆ ከዚህ አይወጣም» ብላ ሄደች። እኔም ቀሪቦውን እንዳሳየሽኝ ሠራሁት። መጀመሪያ ገብሱን ከልክ በላይ አሳርሬው መረረ፤ ደፍቼ እንደገና ቆላሁ። ተሳድበሽ ታርሚኝ ነበር፣ ያ ናፈቀኝ።

ቀኑ ደረሰ። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጽዋው በቀሪቦ ዞረ፤ ማንም ምንም አላለ። ከዚያ የጌጤ ጠላ ገባ። የቤቱ ባለቤት እኔ ነኝ፣ መቅዳቱም የኔ ነው። ለሁሉም ቀዳሁ።

አሲያ፣ ያን ሁሉ ስንመክር አንድ ነገር ረስተን ኖሯል። አንቺ እንኳ አታውቂው ይሆናል፣ እኔ እንዴት ረሳሁት? የምትቀዳ ሴት አስቀድማ ትቀምሳለች። ባለቤቲቱ ያልቀመሰችውን ጠላ እንግዳ አይጠጣም፤ ክፉ ነገር የለበትም ብላ በራሷ ጉሮሮ መመስከሯ ነው። ሰዉ ሁሉ ብርጭቆውን ይዞ ያየኛል። ሽታው አፍንጫዬ ሥር ነው። አንድ ጉንጭ ናት። ብቀምስ ማንም አይፈርድብኝም፣ የሚፈረድብኝ ባልቀምስ ነው። እውነቱን ልንገርሽ፣ እጄ መንገድ ጀምሮ ነበር።

ከሁሉ የሚበልጡት ሽማግሌ አያ ክንዱ «ቅመሽ እንጅ ልጄ፣ ምን ሆንሽ?» አሉኝ።

ብርጭቆውን አስቀመጥኩት። «አልቀምስም አያ ክንዱ። መጠጥ በሽታዬ ነው። አንድ ጉንጭ ከቀመስኩ መመለሻ የለኝም» አልኩ።

ፍሥሐ ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፋ። በሰው ፊት ብዬው አላውቅም ነበር፤ ወሬውን ሁሉም ያውቃል፣ ከአፌ ግን ማንም አልሰማም። ጌጤ ከመቀመጫዋ ተነሣች። አሁን ልታዋርደኝ ነው አልኩ። ያስቀመጥኩትን ብርጭቆ አነሣችና ግማሽ አድርሳ ጠጣችው።

«የጠመቅሁትም እኔ፣ የቀመስኩትም እኔ! መርዝ ካለው እኔ ልሙት። በሉ ጠጡ፣ እሷን ተዉአት!»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። አያ ክንዱ ግን የብርጭቆአቸውን አፍ በመዳፋቸው ሸፈኑ። «ለኔ ከዚያ ከጥቁሩ ድገሚልኝ» አሉ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም፣ እኔም አልጠየቅኋቸው። ከጎናቸው የነበሩ ሁለት ሰዎችም ብርጭቆአቸውን ወደ ቀሪቦው አዞሩ።

ሊበተኑ ሲሉ ቄስ ይበልጣል ለምርቃት ተነሡ። ቤቱን መረቁ፣ ፍሥሐን መረቁ፣ የጌጤን እጅ መረቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ይህን መጠጥ ያስተማረችሽ ማን ናት?» አሉኝ። አጥተውት አይደለም፤ ከአፌ እንዲወጣ ፈልገው ነው።

«አሲያ ናት አባቴ። ጎረቤቴ የነበረችው» አልኩ።

አንድ ሁለት ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ቄሱ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «አሲያን በሄደችበት አገር ያክብርልን። የልጅ ልጇን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላት። ለዚህች ቤት እንደደረሰች ፈጣሪ ይድረስላት» አሉ።

«አሜን» አለ ማኅበሩ በሙሉ። ጌጤ ከሁሉ ዘግይታ፣ ከሁሉ ጮክ ብላ ለብቻዋ ደገመችው።

እኔ ያን ጊዜ አሜን አላልኩም፤ በነጠላዬ ፊቴን ሸፍኜ ነበር። አሁን እልልሻለሁ። መንገዱ ደኅና ሲሆን እመጣለሁ፣ ሕፃኑን እስማለሁ፣ ኮረሪማም እፈለፍልልሻለሁ። እስከዚያው አስር ሰዓትን ለብቻዬ ማለፍ እየለመድኩ ነው፤ ከባድ ነው፣ ግን ያልፋል። ያ ሁሉ ሰው ያለው አሜን ያንቺ ነው። እኔ ቤት እንዳይቀር ልኬልሻለሁ፣ ተቀበዪኝ።

አሜን፣ አሲያዬ።

ያልቀመሰችው ጎረቤትሽ
ሰርካለም
ንፋስ መውጫ