ክራባት ወይስ የአገር ልብስ

ሰኞ፣ ግንቦት 4
ሙቀት። ሚኒባሴን አጥቤ ሳልጨርስ የሾፌሮች ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ ደወሉ። ድምፃቸው ተዘግቶ በሹክሹክታ ነው የሚያወሩት። ቅዳሜ ሶደሬ በማኅበሩ በዓል ላይ በሳቸው ፋንታ ንግግሩን የማደርገው እኔ ነኝ። የአዳማ ከተማ ሹማምንት ይመጣሉ። ለመናኸሪያው ጥላና መጸዳጃ ቤት መጠየቅ አለብኝ። ማስታወሻዬ፣ አንተ ታውቀኛለህ፤ ሰው ፊት «ጠጋ ጠጋ በሉ» ከማለት ያለፈ ተናግሬ አላውቅም።

የጥሪ ካርዱ፦ «አለባበስ፣ ጥቁር ክራባት ወይም የአገር ባህል ልብስ»። ያለኝ ክራባት ቀይ ነው፣ የሠርጌ። ደግሞ ጥቁር ለምን? ማን ሞተ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6
የአገር ልብስ ይሁን አልኩ። የየትኛው አገር? ባለቤቴ ጦይባ የወሎ ልጅ ናት፤ ሽርጥና ኮፍያ አለች። እናቴ የሸዋ ሮቢት ሰው ናቸው፤ እጀ ጠባብ ካልሆነ ልጄ ነህ አልልም አሉ። ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ ሰምተው መጡ። «ሶደሬ ሄደህ በሰው አገር ልብስ?» ለእሬቻ የሚለብሱትን ባለ ጥቁር፣ ቀይና ነጭ ጥለት ካባ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረጉ።

ማንን ላስቀይም? አንዷ ወለደችኝ፣ አንዷ አገባችኝ፣ ጋሽ ቶሎሳ ደግሞ የቤት አከራዬ ናቸው።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9፣ ከሰዓት
የእናቴ እጀ ጠባብ፣ የጋሽ ቶሎሳ ካባ፣ የጦይባ ኮፍያ። መስተዋት ፊት ቆምኩ። ጦይባ ሳቋን ለመዋጥ ጓዳ ገባች። ሄድኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10
ተረጋግቼ ልጻፈው።

አዳራሹ በር ላይ ሁሉም ሱፍ፣ ሁሉም ጥቁር ክራባት። የአገር ልብስ የለበሰ እኔ ብቻ። ዘበኛው አየኝና፣ እናንተ በጓሮ ነው አለኝ። የክብር በር መሰለኝ። ኩሽናውን አልፌ አንድ ክፍል ስገባ እንደኔ የለበሱ ወጣቶች! ደስ አለኝ። አንዲት ሴትዮ ክንዴን ያዘች።
«የት ነበርክ? ተጠራን እኮ!»
«ኧረ እኔ እንግዳ ነኝ።»
«አዲስ መሆንህን ነግረውኛል። ከኋላ ቁም፣ የፊተኛውን እያየህ ሥራ!»

ለካ ሴትዮዋ የባህል ጭፈራ ቡድኑ መሪ ወርቅነሽ ነበረች። ከበሮው ተመታ። ተገፋሁ። መድረክ ላይ ነኝ።

እስክስታ። መሪ መጠምዘዝ እንጂ ሌላ የማያውቅ ትከሻ! ሌሎቹ ወደ ግራ፣ እኔ ወደ ቀኝ። ዝላዩ ሲመጣ ኮፍያዬ በርሮ ከሹማምንቱ የአንዱ ሾርባ ውስጥ ገባ። የአቶ ግርማ ጉሮሮ በዚያች ቅጽበት ተከፈተ፤ «ጀማል!» ሲሉ አዳራሹ አስተጋባ።

ጭብጨባው ሳይበርድ መድረክ መሪው ለንግግር ስሜን ጠራ። ወረቀቴ በላብ ርሶ ቀለሙ ፈሷል። ግን ከዚህ በኋላ ምን ይፈራል? ማይኩን ያዝኩ።
«እንደምታዩኝ በላብ ተጠምቄአለሁ። የአዳማ ሾፌር በየቀኑ እንዲህ ነው የሚውለው። ለሱ ግን የሚያጨበጭብለት የለም።»
ሳቁ ቆመ። ጥላውን ጠየቅሁ። መጸዳጃውንም፣ ሳላፍር። ስወርድ ሹሙ ኮፍያዬን ጨምቀው ሰጡኝ፤ ማክሰኞ ቢሯቸው እንድንመጣ ነገሩን።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
ጥላው ተፈቀደ! መጸዳጃው «በሂደት ላይ ነው»። ጋሽ ቶሎሳ ለሰፈሩ ሁሉ ካባዬ ነው ያስፈቀደው ይላሉ። እናቴ፣ እጀ ጠባቡ ነው። ጦይባ ከኮፍያው ላይ የካሮት ቀለም ታሻለች።

ማታ ወርቅነሽ ደወለች። እሑድ ዓለም ጤና ከተማ የሚጨፍሩበት ሠርግ አላቸው፤ ቅዳሜ የቀረው አዲሱ ጨፋሪያቸው አሁንም አልተገኘም። እንደኔ ያለ እንኳ ይበቃል አለች። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ለጦይባ ነገርኳት። ሳቋ ጎረቤት ተሰማ። ከዚያ ድንገት፣ እኔም ሠርግ ከሄድኩ ቆየሁ አለች።

ወሰንኩ። እሑድ ሚኒባሱ ለሥራ አይወጣም፤ ሁለታችንም ሠርጉ ላይ ነን። አሁን ከሳሎን እየጠራችኝ ነው፤ ወንበሮቹን ገፍታለች፣ ትከሻ እንዴት እንደሚመታ ላሳይህ ትላለች። መጣሁ፣ ጦይባ!