በሟች ወንድሜ ስም የኖረው መሬት

ዛሬ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፫ ዓመተ ምሕረት፣ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት በአሰላ ከተማ፣ እኔ ቦጋለች ወልደአማኑኤል ጉልበቴ ቢከዳኝም ልቡናዬ ከእኔ ሳይለይ፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ይህን ቃሌን አስጽፌአለሁ።

አስቀድሜ የምናዘዘው ምስጢሬን ነው። በበቆጂ መንገድ ያለው አንድ ጋሻ የገብስ መሬታችን እስከ ዛሬ የሚገበረው በወንድሜ በፈቃደ ስም ነው። ፈቃደ ግን ከሞተ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነው። ወደ ኦጎልቾ ቆላ ወርዶ ወባ ገደለው፤ እዚያው የቀበረው ጭሰኛችን ቱሳ በቅሎውን ብቻ እየሳበ መጣ። ያን ጊዜ ሴት ርስት ይዛ ባዳ ቤት ትገባለች ይባል ነበርና፣ ሞቱ ቢሰማ መሬቱ ለአባቴ ወንድም ሊሆን ነው። ስለዚህ አባቴ ልጄ ለንግድ ሩቅ አገር ሄዷል ብሎ አስወራ። እናቴም ነጠላዋን ሳታዘቀዝቅ ገበያ ወጣች። አባቴ ካረፈ ወዲህ ግብሩን በፈቃደ ስም የማስገባው እኔ ነኝ።

ፈቃደ በሕልሜ እያረጀ ይመጣል። ሃያ ዓመት ሳይሞላው የሄደው ልጅ ዛሬ ጺሙ ሸብቷል፤ ጉሙ እስከ ወገቡ ውጦት በገብሱ መሐል ቆሞ፣ «እታለም፣ ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት ነው?» ይለኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። ነቅቼም ሰማዩን የማየው ብዙ ጊዜ ለእሱ መልስ ፍለጋ ነው። ናፍቆኛል።

ልጄ ሀብተ ማርያም ይህን እንዳልናገር ለምኖኛል፤ መሬቱ በአጎቱ ስም ከቀረ፣ ወንድ ወራሽ እኔ ነኝ ብሎ እሱ ብቻውን ሊወርስ አስቧልና።

«እማዬ፣ የተኛ ነገር አይቀስቅሱ» አለኝ።

«የተኛው ነገር አይደለም ልጄ፣ ወንድሜ ነው» አልሁት።

አዲሱ ሕግ ሴትን ከወንድ እኩል ወራሽ አድርጓል፤ ከእንግዲህ በሙት ስም አልደበቅም። የአባቴ ወንድም ልጆች ሊከሱን ይችላሉ። ይክሰሱ።

ከዚሁ መሬት ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ቱሳ የሚያርሰውን፣ ለቱሳ ሰጥቻለሁ፤ ምስጢሬን ጠብቋል፤ አባቱም ከእኛ በፊት እዚያው ነበር። የቀረውን ሀብተ ማርያምና እኅቱ አፀደ እኩል ይካፈሉ። አፀደ ባል አግብታለች የሚል ተከራካሪ ቢነሣ፣ እኔም አግብቼ ነበር፤ መሬቱ ግን የትም አልሄደም። ሀብቴ፣ አትቀየመኝ፤ የአሰላው ቤት ለብቻህ ነው።

በመጨረሻ፣ እኔ የሞትሁ ዕለት ለቀስተኛው ሲሰበሰብ በእኔ አትጀምሩ። አልቃሿ አስቀድማ የፈቃደን ስም ትጥራ። እናቴ ዓይኗ ደርቆ የቀረችለትን ልጅ አልቅሱለት፤ እኔ እጠብቃለሁ።

ቃሌ በእኔና በምስክሮቼ ፊት ተነቦ፣ ያልሁት ይኸው ነው ብዬ ጣቴን አትሜአለሁ።

ተናዛዥ፦ ቦጋለች ወልደአማኑኤል (የጣት አሻራ)
ምስክሮች፦ አቶ ሽኩር፣ አቶ ሙህዲን፣ አቶ አብዶ፣ ወይዘሮ አሰፋች (ፊርማቸው አለበት)
ጸሐፊ፦ ጥሩሰው