ፍሬሕይወት ስትጣራ

አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 9 ቀን 1988 ዓ.ም.

ይድረስ ለእትዬ ብርቅዬ። ጽፌ ጽፌ ቀድጄ ነው እንደገና የጀመርኩት፤ ምን እንደምልሽ ጨንቆኝ ነበር። በሰው አገር እግዚአብሔር ከፊትም ከኋላም ይሁንሽ። እኛ ደህና ነን።

ልጆቻቸውን ልትጠብቂ ጀርመን ድረስ አብረሻቸው የሄድሽው አሜሪካኖች አገሩን እየለመዱት መሆናቸውን፣ ትንሹ ልጅም ካንቺ እቅፍ ውጭ አልተኛም እንደሚል የጻፍሽውን ለእናታችን አነበብኩላት። "እሰይ፣ ወደዷት" አለች።

ጫኖ ያለው ሙዛችን ደርሷል። ስትሄጂ ትድህ የነበረችው ልጅሽ ፍሬሕይወት አሁን ትሮጣለች። ከፈረንጁ ልጅ ጋር የተነሳሽውን ፎቶ አሳየኋትና አንቺን ጠቁሜ "ይህችስ ማን ናት?" ስላት "የሱ እናት" አለችኝ። ፎቶው ትንሽ ስለሆነ ነው።

ትናንት ገበያ መሃል "እማ" ብላ ጠራችኝ። ጎረቤታችን ማርያም "አንቺ ዝምተኛ፣ ድግሱን ሳንበላ ወለድሽ?" ብላ ሰው አሳቀችብኝ። እኔ ግን ሳላስበው "ወይ" ብያት ነበር።

የአሜሪካኖቹን ልጆች ሳሚልኝ። ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ በቶሎም ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

ከነገ ጠዋት ጀምሮ "አክስቴ" ካላለችኝ አልመልስላትም። ብታለቅስም አልመልስላትም።

እህትሽ ዘነበች