ወንበር ለመሙላት የተጠራን ሰዎች

ውድ የእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ አጭር ነው፤ ተቆጥቻለሁና። ደህና መሆንህን ባለፈው ማክሰኞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አልጠይቅህም። ስልክ ብደውል "አክስቴ፣ ስብሰባ ልገባ ነው" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ደብዳቤ ግን እንዲህ በቀላሉ አይዘጋምና መጻፍን መረጥሁ። እስከ መጨረሻው አንብበው።

"ጣቢያችን አዲስ ፕሮግራም ሊመርጥ ነው፤ ሐቀኛ ተመልካች እንፈልጋለን፤ አንቺ ደግሞ ማንንም አታፍሪም" ብለህ ስትጋብዘኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የፈተና ወረቀት ሳርም የኖርሁ ሴት ነኝ፤ ለዓይኔ ተፈልጌ የተጠራሁ መስሎኝ የቅርቡንም የሩቁንም መነጽሬን ይዤ መጣሁ።

መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እንደ ሲኒማ ቤት በረድፍ አስቀመጣችሁን። ለእያንዳንዳችን ትንሽ ሳጥን ታደለን፤ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የምትዞር ቁልፍ አለቻት። "ደስ ሲላችሁ ወደ ቀኝ፣ ሲሰለቻችሁ ወደ ግራ" አለችን አስተናጋጇ። ከጎኔ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ተቀምጧል፤ ከኋላችን ማስቲካ የሚያላምጡ ወጣቶች።

መጀመሪያ አዲሱን አሳያችሁን። ሁለት ጎረምሶች ደወል ሳይደወልባቸው የተሰበረ ወንበር ለመጠገን ይሽቀዳደማሉ። አንደኛው ኮላውን እንደ ውሃ አፈሰሰበት፣ እግሩን ሰካ፣ ወዲያው ተቀመጠበት። ወንበሩ ተበታትኖ ልጁ በጀርባው ተዘረጋ። ወጣቶቹ በሳቅ ፈረሱ። እኔ ቁልፏን ወደ ግራ አዙሬ አዙሬ መዞሪያ አጣሁ።

"ኮላው ሳይደርቅ!" አልሁ ጮክ ብዬ።

"እትዬ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፤ ፈተና ላይ ነን" አለኝ ሾፌሩ። "እንዳያስወጡን!"

ቀጥሎ እናትህ የቤት ዕቃ መጠገን የምታስተምርበትን ፕሮግራም ቁራጭ አሳያችሁ። የወንበሩን እግር ኮላ ቀብታ በማጥበቂያ ሞርሳ አሰረችው፤ የተረፈውን በጨርቅ ጠረገች። "አሁን እንተወው። ነገ እንመለስበታለን" አለችና እጇን እንጨቱ ላይ አሳርፋ ዝም አለች። እኔ ወደ ቀኝ አዞርሁ። እህቴ ስለሆነች አይደለም፤ ታውቀኛለህ፣ አንተን የእህቴን ልጅ እንኳ ፈተናህን አርሜ ጥዬሃለሁ። ሥራዋ ትክክል ስለሆነ ነው። ሾፌሩም "እንዲህ ነው እንጂ!" እያለ ሲያዞር አይቼዋለሁ።

ሲያበቃ አንዲት ልጅ ሳጥኖቹን ልትሰበስብ መጣች። የወጣቶቹን እያንዳንዱን ሽቦ በጥንቃቄ እየነቀለች ወሰደች። የእኔንና የሾፌሩን ግን ዝም ብላ አነሳቻቸው፤ ሽቦአቸው የትም አልተሰካም ነበር።

"ልጄ፣ የኛ ተነቅሎ ኖሯል። ያዞርነው ሁሉ ጠፋ ማለት ነው?" ብዬ ደነገጥሁ።

"አይ እማማ፣ አይጨነቁ፤ የእናንተ መጀመሪያም አይቆጠርም። ከሃምሳ በላይ የሆኑትን የምንጠራው ክፍሉ እንዲሞላ ነው። ክፍሉ ባዶ ከሆነ ወጣቶቹ ደፍረው አይስቁም።"

ክፋት የላትም፤ እንዲያውም የክፍሉን ደረጃ እጄን ይዛ አወረደችኝ። ሾፌሩ "እኔኮ የወንበር መሙያ ስፖንጅ መሆኔን ሳላውቅ ከነከራቫቴ መጣሁ" ብሎ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ስንት ሺህ ወረቀት አርሜአለሁ፤ ሳላነበው የጣልሁት አንድም የለም። እናንተ ወረቀቱን ሰጣችሁን፣ አጻፋችሁን፣ ከዚያ ስንወጣ ቅርጫት ውስጥ ጣላችሁት። አስተያየታችንን ባትፈልጉት መብታችሁ ነው። እንደምትፈልጉት አስመስላችሁ መጠየቃችሁ ግን ነውር ነው።

ቢሮህ ስገባ ፊቴን አይተህ ገባህ። ወንበር ሳትሰጠኝ ግራፍ ዘረጋህልኝ።

"አክስቴ፣ ተረጂኝ። የማሚ ተመልካች አልቀነሰም። ያረጀ ተመልካች መሆኑ ነው ችግሩ።"

"ማርጀት ወንጀል የሆነው መቼ ነው?"

"ማስታወቂያ የሚያሠራው ሰው ለእናንተ ዕድሜ አይከፍልማ! እናንተ ሳሙናችሁን አንዴ መርጣችኋል፤ ከእንግዲህ አትቀይሩም ነው የሚለው።"

"ባለፈው ወር ቀይሬአለሁ። በጣቢያህ የምታስተዋውቀው እጄን ሰነጣጠቀው።"

መሳቅ አማረህና ተውኸው። ቀጥለህ መስመሩን በጣትህ ተከተልህ። በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ያስቀመጣችኋት ተመልካች መቁጠሪያ በየመሀሉ "እዚያው ናችሁ? ቁልፉን ተጫኑ" ትላለች አልኸኝ፤ እናትህ ዝም በምትልበት ደቂቃ መስመሩ ወደ ታች ይወርዳል። "አየሽ? እዚህ ላይ ጥለዋት ይሄዳሉ።"

ያን ጊዜ ያልመለስሁልህን አሁን ልመልስልህ። ከእኔና ከእናትህ ቤት በታች የምትኖረው ልብስ ሰፊ፣ እናትህ በቴሌቪዥኑ ዝም ስትል፣ ከመቀመጫዋ ተነስታ እግሩ የሚወዛወዘውን በርጩማዋን ልታመጣ ትሄዳለች። ብዙ ጊዜ አይቻታለሁ። በዚያች ደቂቃ ማን ቁልፍ ይጫንልሃል? እናትህ ሰውን ከመቀመጫው የምታስነሳ ሴት ናት፤ መሣሪያችሁ ደግሞ የሚያውቀው የተቀመጠን ሰው ብቻ ነው። አንዲት ልብስ ሰፊ ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም ትለኝ ይሆናል። እሺ፣ አትሁን። ግን አንድ ጊዜ እንኳ የት እንደሄዱ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?

ይህም ቢሆን አላስቀየመኝም ነበር። ፕሮግራም ዘላለም ይኑር የምል ሞኝ አይደለሁም። ጣቢያ ገቢ ያስፈልገዋል፤ አዲስ ትውልድ አዲስ ነገር ያምረዋል፤ እናትህም አንድ ቀን ማቆሟ አይቀርም። ደሜን ያፈላው የመጨረሻው ንግግርህ ነው።

"አለቀ ማለት ነው?" ስልህ፣ "ባለፈው ወር ተወስኗል" አልኸኝ። "ለእናትህ ነገርካት?" ስልህ ስልክህን አየህ። ከዚያ ዓይንህን በጨው ታጥበህ እንዲህ አልህ፦

"አክስቴ፣ አንቺ ብትነግሪያትስ? አንቺ አነጋገር ታውቂያለሽ። ሕዝቡ ሲስቅ በዓይንሽ አይተሻል፤ አንቺ ስትነግሪያት ታምንሻለች።"

ለካ የተጠራሁት ለዚህ ነው! ሾፌሩ ወንበር ሊሞላ ተጠራ፤ እኔ ደግሞ ወንበር ሞልቼ ስበቃ መርዶ ነጋሪ ልሆን ነው። ከቢሮህ ወጥቼ የሕንፃውን ደረጃ እንዴት እንደወረድሁ አላስታውስም።

አሁን ቤት ውስጥ ያለውን ልንገርህ። እናትህ ለሚቀጥለው ምዕራፍ እየተዘጋጀች ነው። ከበፊቱ ቀረጻ በኋላ "ማሚ፣ ትንሽ ፈጠን በይ፤ ወጣቶቹ እንዲቆዩልን" ብለሃት ነበር፤ ታስታውሳለህ? እሷ አልረሳችውም። መኝታ ቤቷን ዘግታ መስታወት ፊት ቆማ ፈጥና መናገር ትለማመዳለች። ድምፅዋ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ትንፋሽ ያጥራታል፣ ቃል ይጠፋባታል፣ ታቆማለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ትነሳለች። ትናንት እራት ላይ "እንዴት ነው፣ አሁን ፈጠንሁ?" ብላ ጠየቀችኝ። "ፈጥነሻል" አልኋት። ሌላ ምን ልበላት? "ልጄ ደስ ይለዋል" ብላ ሳህኖቹን አነሳች። እኔ ደግሞ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ስለዚህ አልነግራትም። ይህን በደንብ አንብብ፦ አልነግራትም። "ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ይልክላታል" የምትለውንም አትሞክረው፤ ፖስታው ከመጣ ከደጃፍ እመልሰዋለሁ። መጥፎ ነገር የሚነግራት ሰው የወለደችው መሆን አለበት እንጂ ወረቀት አይደለም። ግራፍህን ይዘህ አትምጣ፤ ምክንያትህን በራስህ አፍ አስረዳት። ታለቅስ ይሆናል፤ ትቆጣህ ይሆናል፤ ምናልባትም ከእኔ ይልቅ ትረዳህ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ካንተ ጋር እንደምትወግን ታውቃለህ። እኔን የሚቆጨኝ ይህን መብቷን መንጠቅህ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረጻው መኪና ይመጣል ብላ ልብሷን ተኩሳለች። እንደማይመጣ የምናውቀው አንተና እኔ ብቻ ነን። እንደ ልማዷ መሣሪያዋን ይዛ ቀድማ ወጥታ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ሾፌር ማስጠበቅ አትወድም። ከእሷ በፊት ደርሰህ ከመኪናህ ውረድ። የያዘችውን ተቀበላትና ወደ ውስጥ ይዘሃት ግባ። እኔ የዚያን ቀን ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ዘንድ እቆያለሁ፤ አላስቸግርህም።

ካልመጣህ ግን ከጎኗ የምቆመው እኔ ነኝ፤ መኪናው ለምን እንደቀረ ስትጠይቀኝም ያንተን ስልክ ደውዬ እጇ ላይ አኖረዋለሁ።

እስከ ቅዳሜ ድረስ ብቻ የምታገስህ፣
አክስትህ