አምስተኛዋ የቦርድ አባል

ቅዳሜ

ዛሬም የውኃ ፓምፑ ሞተር ቆመ። በዚህ ሳምንት ሦስተኛው። የናፍጣ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ስፈታው ውኃ! ናፍጣው ውኃ ገብቶበታል ብዬ ለውኃ አክሲዮን ማኅበራችን ሊቀ መንበር ለሐጂ ጃማ ነገርኩ። "አንተ ሐበሻ፣ መጀመሪያ የራስህን እጅ መርምር" አለኝ። የዚህ አገር ሰው ቢሆንም ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ ስድቡም።

ናፍጣውን የሚያቀርበው ወንድሙ ዑመር ነው። ዑመር የቦርድ አባል። ሌሎቹ ሁለት አባላት የሐጂ የእህት ልጆች። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቅ?

እሑድ

ከኤርፖርት በኩል ተኩስ አለ። ሸሽቶ እኛ ሰፈር ኮድቡር የገባው ሕዝብ በራችን ላይ ጀሪካን ደርድሯል፤ ውኃ የለም። "መካኒኩ ሆን ብሎ ነው የሚያበላሸው" ይባላል አለኝ ዘበኛው። ወሬውን ማን እንደዘራው አላጣሁትም። በጦርነት መሀል እንዲህ የተባለ ባይተዋር ምን እንደሚደርስበት አውቃለሁ። ፈራሁ።

ሰኞ

ነገ ቦርዱ ሊያባርረኝ ይሰበሰባል። ቃለ ጉባኤው ግን ዛሬ ተጽፎ አልቋል! ለፊርማ ወደ ወይዘሮ ፋጡማ ተላከ። የማኅበሩ ሟች መሥራች ሚስት ናት፤ ባለአክሲዮኖች ቦርዱ የአንድ ቤተሰብ ሆነ ብለው ሲያጉረመርሙ ሐጂ አምስተኛ አባል አደረጋት፣ ዝም ትላለች ብሎ። "ወላሂ፣ ያልተቀመጥኩበትን አልፈርምም" ብላ መለሰችው።

ኋላ አስጠራችኝ። "ነገ ናፍጣው ሲመጣ በርሜሉን እንዳትነካ" አለችኝ። ለምን? ሐጂ ልኳት ቢሆንስ? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር።

ማክሰኞ

ለመከሰስ ተጠርቼ ስብሰባው ላይ ቆሜያለሁ። ፋጡማ መጣች። ወንበር በሩ ጋ ሰጧት፤ እሷ ግን ራሷ አንስታ ጠረጴዛው ዘንድ አመጣችው። በርሜሉ ከመኪና ሲወርድ ከእህት ልጆቹ አንዱን፣ ጣሂርን፣ "በጠርሙስ ቀድተህ ና" አለችው። ጠርሙሱ ጠረጴዛው መሀል ተቀመጠ። ሐጂ ጥፋቴን ዘረዘረ፤ ረጅም ነው። ሲጨርስ እሷ፣ "አሁን ጠርሙሱን እዩት" አለች።

ናፍጣው ከላይ፣ ውኃው ከሥር፣ ሦስት ጣት!

"ሐበሻው ነው የጨመረበት!" አለ ዑመር። ጣሂር አንገቱን ደፍቶ፣ "አጎቴ፣ ከመኪና ሲወርድ እኔው ነኝ የቀዳሁት፤ እሱ አልነካውም" አለ። እሰይ! ፋጡማ ዑመርን "ጉዳዩ የራስህ ናፍጣ ነው፣ እጅ አታወጣም" አለችው። ሁለቱ የእህት ልጆች ከእሷ ጋር እጅ አወጡ፤ ሦስት ለአንድ። አልተባረርኩም። ናፍጣም ከእንግዲህ ከዋሄን ገበያ ነጋዴ ይገዛል።

ላመሰግናት ብጠጋ፣ "ለአንተ ብዬ አይደለም፤ ጉድጓዱን ያስቆፈረው ባሌ ነው" አለችኝ።

ሞተሩ ይሠራል፣ ጀሪካኖቹ እየሞሉ ነው። ሐጂ ግን አሁንም ሊቀ መንበር ነው። የፓምፑን ቤት ቁልፍ አንገቴ ላይ አሰርኩት።