ከሻይ ጋር ስለተወሰደው የአይረን ሽሮፕ

ለተከበሩ የሕፃናት ሥነ ምግብ ፕሮግራም አስተባባሪ
ጋምቤላ ከተማ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ክቡርነትዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ መቶ በመቶ፣ ደምዎም እንደ ንግግርዎ የበዛ ይሁንልኝ እያልኩ ልባዊ ሰላምታዬን አቀርባለሁ።

እኔ አብዱልከሪም እባላለሁ፤ ገበያው መግቢያ ላይ ሻይ ቅጠልና ስኳር የምሸጥ ነጋዴ፣ የሁለት ዓመቷ የሪድዋና አባት ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ የምጽፍልዎ ቢሮዎ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባልኩ፣ ደግሞም ክቡርነትዎ ምስጋናን በአደባባይ መቀበል እንደሚወዱ ስለማውቅ ነው።

ልጄ ደም አንሷት ከንፈሯ ስለገረጣ በፕሮግራምዎ ታቅፋ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ መጨረሻ በየማለዳው በጤና ጣቢያችሁ መዝጋቢ ፊት አይረን የሚባለውን የብረት ሽሮፕ ስትጠጣ ከርማለች። በሦስተኛው ወር ሲለካ ደሟ ከመነሻውም ወርዶ ተገኘ። ስለዚህ ውለታ የሚከተለውን ምስጋና ይቀበሉኝ።

፩ኛ. ሕፃናቱ የሽሮፑን ጣዕም ጠልተው ሲተፉና ምዝገባው ሲጓደል፣ ሽሮፑ ስኳር ከበዛበት ሻይ ጋር ይሰጥ ብለው ስላዘዙ አመሰግናለሁ። ሻይ ብረቱን አንጀት ውስጥ ይዞ ሰውነት እንዳይቀበለው እንደሚያደርግ ነርስ ኛኳች በስብሰባ ላይ በትሕትና ብታስረዳዎ፣ ፕሮግራም ታደናቅፋለች ብለው ወደ መድኃኒት መጋዘን አዛወሯት። ከሻዩ ይልቅ ማንጎ ቢሰጣቸው ሰውነታቸው ብረቱን የተሻለ ይቀበላል ብላም ነበር። ማንጎው በግቢያችሁ ከዛፉ ሥር እየወደቀ ሲበሰብስ፣ ጥበቃው ግን የመንግሥት ንብረት ነው እያለ ልጆቹን ሲያባርር ከርሟል።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልናገር። ያ ሻይና ስኳር የተገዛው ከእኔ ሱቅ ነው። ልጄን በአንድ ክንዴ አቅፌ፣ በሌላው ሻይ ቅጠሉን ተሸክሜ በበራችሁ ስገባ ደስ ይለኝ ነበር። አላወቅኩም፤ አለማወቄ ግን አላጽናናኝም፣ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በእኔና በክቡርነትዎ መካከል ያለው ልዩነት ለእኔ የነገረኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

፪ኛ. የልጄ ሰገራ እንደ ከሰል ጠቁሮ ባለቤቴ ሳሊሃ ደንግጣ ስትመጣ፣ ጥቁረቱ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ለመግባቱ ማስረጃ ነው ብለው አረጋግተው ሸኝተዋታል። የጠቆረው ሰውነቷ ሳይቀበለው የወጣው ብረት መሆኑን በኋላ ከሐኪም ሰማን። የገባውን እንዲከታተሉ የተሾሙት ክቡርነትዎ የወጣውን አይተው መደሰትዎ በትምህርት የሚገኝ ችሎታ አይደለምና፣ ተፈጥሮ ለሰጠችዎ ጸጋ ያለኝን አድናቆት እገልጻለሁ።

፫ኛ. በመካከሉ ልጄን ሁለት ጊዜ ወባ ይዟት ነበር፤ በሽታ ላይ ያለ ሰውነት ደግሞ ብረት መቀበሉን እንደሚቀንስ ሐኪሞች ነገሩን። በዚህ ላይ አንጀቷ ላይ ተጣብቆ ደሟን የሚመጥ ትል በኋላ ሆስፒታል ተገኘባት። አስቀድመን የሰገራ ምርመራ ይደረግላት ብለን ስንለምን፣ ትል በፕሮግራሙ አልተካተተም የሚል ፈጣን ምላሽ ስለሰጡን እናመሰግናለን። ትሉ ግን ሳይካተትም ሥራውን ያለ ስብሰባና ያለ አበል፣ ከጽሕፈት ቤትዎ በበለጠ ትጋት አከናውኗል።

ለሚቀጥለው ነገር ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። ልጄ ራሷን ስታ ሆስፒታል በገባችበት ቀን ደውዬልዎ ሽሮፑ እንዳልጠቀማት ስነግርዎ፣ «መዝገቡ ላይ ወስዳለች ነው የሚለው» አሉኝ። አዎን፣ ወስዳለች። ጉሮሮዋ ወስዷል፤ ሰውነቷ አልወሰደም። አባት ልጄ ልትሞትብኝ ነው እያለ ሲያለቅስ እንዴት መዝገብ እንደሚገለጥ እስካሁን አልገባኝም።

ሪድዋና ደም ተሰጥቷት ተርፋለች፤ አልሐምዱሊላህ። ሮጣ ሱቄን ታተራምስ የነበረች ልጅ ግን ዛሬ የምትቆመው ግድግዳ ይዛ ነው። የምለምነው ጥቂት ነው፤ ኛኳች ወደ ቦታዋ ትመለስ፣ ለቀሩት ልጆች ሻዩ ይቅር፣ ትሉና ወባውም ይመርመር። እኔ በበኩሌ ለጣቢያችሁ ሻይ መሸጥ ካቆምኩ ወር ሆኖኛል። በማግስቱ ከሌላ ሱቅ መግዛት መጀመራችሁንም ሰምቻለሁ፤ ለሥራው ያላችሁን ጽናት አደንቃለሁ።

ክቡርነትዎ በቅርቡ ከፍ ወዳለ፣ ከሕፃናትም ፈጽሞ ወደ ራቀ ወንበር ያድጉ ዘንድ በየሶላቴ ዱዓ የማደርግልዎ፣ አክባሪዎና ባለውለታዎ

አብዱልከሪም፣ የሪድዋና አባት

ከፊርማዬ በኋላ ያስታወስኩት፦ ልጄን ያተረፈው ደም የእርስዎ ሹፌር የዴቪድ ነው። መንገድ ላይ አግኝቶን ሆስፒታል አደረሰን፤ የደሙ ዓይነት ከእርሷ ጋር መግጠሙ ሲነገረው ሳያንገራግር ክንዱን ዘረጋ። በዚህም የተነሳ ክቡርነትዎን ከአውሮፕላን ማረፊያ ሳይቀበል በመቅረቱ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጽፈውበታል። ደብዳቤውን አሳየኝ፤ ከሥራ ገበታው የተለየው «ያለ በቂ ምክንያት» ነው ይላል።